የሃምሳ አለቃ ግዛቸው ጎራዴ

ማርቆስ ግዛቸው ሰው አያምንም። ይህን የሚያወሩት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ራሱ ነው በኩራት የሚናገረው። ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ያልቀመሰው የማታለል ዓይነት የለም። ኦሪጅናል ተብሎ የገዛው የፍሬን ሸራ በወሩ ተፈርፍሯል። ደህና ዲናሞ የሸጠለት ደንበኛ በማግስቱ ሌላ ውዳቂ ዲናሞ ይዞ መጥቶ "ያንተው ነው፣ አይሠራም፣ ብሬን መልስ" ብሎ አንገቱን አንቆታል። የገዛ መኪናውን ጋራዥ አሳድሮ ጠዋት ቢረከብ ባትሪው ሌላ ሆኖ ጠብቆታል። ከዚያ ወዲህ ብረት ላይ የሚጽፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሽን ገዛና ከሱቁ በሚወጣው ዕቃ ሁሉ ላይ፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ "ማ.ግ" ብሎ ይጽፍ ጀመር። ዛሬ ሀዋሳ ውስጥ የሱን ስም በሆዱ ይዞ የሚዞረውን መኪናና ባጃጅ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

"እኔ ላይስ የት ላይ ነው የጻፍክብኝ?" ትለዋለች ሚስቱ ሂሩት፣ ልታበሽቀው ስትፈልግ።

እሱ ግን አይስቅም። በሱ ቤት ይህ የሚሳቅበት ነገር አይደለም።

ማርቆስ ያለ ማስረጃ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቱ ሃምሳ አለቃ ግዛቸው። ሃምሳ አለቃው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው። በኋላም ጡረታ ወጥተው፣ ሀዋሳ ገና ሣርና ወባ በነበረችበት ዘመን መሬት ተሰጥቷቸው እዚሁ ሰፈሩ። ከዘመቻው ይዘውት የተመለሱት የጃፓን ጎራዴ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከምሥክር ወረቀታቸው ጎን ተሰቅሎ ይኖራል። በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ለገና አውርደው፣ እጀታውን ማንንም ሳያስነኩ ዘይት ይቀቡት፣ አፎቱን በብር ቀለም ያድሱት፣ ከዚያም ልጆቻቸውን ሰብስበው ያንኑ ታሪክ ይደግሙት ነበር፤ ጎራዴውን ከአንድ የጠላት ጄኔራል እጅ፣ ፊት ለፊት ገጥመው እንዴት እንደማረኩ። ማርቆስ ይህን ታሪክ ለመምህራኖቹ፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ አልፎ ተርፎም ዕቃ ሊገዙ ለመጡ ሰዎች ተርኮታል። አባቱ ካረፉ በኋላ እጀታው ጫፍ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ያሰረለትም እሱ ነው። ለጄኔራል ጎራዴ ባዶ እጀታ አይመጥንም ብሎ፣ ከሳሎኑ መጋረጃ ማሰሪያ አንዱን ፈትቶ።

ነገሩ የተበላሸው ጋሽ ዳዊት የመጡ ዕለት ነው። ጋሽ ዳዊት የሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጠሩ እንጂ ሳይጠሩ የማይመጡ፣ ከመጡም ነገር ይዘው የሚመጡ። ሻያቸውን እስኪጨርሱ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ቀና አሉ።

"ወይዘሮ ዘይነብ የሚባሉ ሴት ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከቡታጅራ መጥተዋል። ልጃቸው አብዱልፈታህ ፒያሳ ጨርቅ ይነግዳል፤ ታውቀዋለህ፣ ስለ ጎራዴውም የሰማው ካንተው ሱቅ ነው። አባታቸው አሥር አለቃ ሙህዲን ከአባትህ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ናቸው። ያን ጎራዴ የገዛው አባቴ ነው ይላሉ።"

"የገዛው?" አለ ማርቆስ። "ጎራዴው እኮ የተማረከ ነው።"

"እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርህ። እጀታው ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ ይላሉ። ተፈቶ ውስጡን እንዲያዩት ነው የሚለምኑህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሌላ አላሉም።"

ማርቆስን ያስበረገገው ይህ ነው። ብዙ የሚጠይቅ ሰው ፍላጎቱ ይታወቃል፤ ይከራከሩታል፣ ይቀንስላቸዋል፣ ይጨርሳሉ። ከቡታጅራ ድረስ መጥቶ "ልየው ብቻ" የሚል ሰው ግን በሆዱ የያዘው ሌላ ነው።

"ምንድን ነው የተጻፈው?"

"እሱን ለኔ ነግረውኛል። አንተ እስኪፈታ ባትሰማ ይሻላል። የጠፋ ከብት ሲገኝ ምልክቱን መጀመሪያ ለሽማግሌ መናገር አለ አይደል? ከብቱ ሲወጣ ይመሳከራል። ይህም እንደዚያው ነው።"

"ገብቶኛል" አለ ማርቆስ ፊቱ እየጠቆረ። "ያባታችን አደራ ነው ሊሉ ነው። ግዛቸው አደራ በልቷል ሊሉኝ ነው በገዛ ቤቴ!"

"አደራ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።"

"ይወጣል። ቀኑን እየጠበቀ ነው።"

ሂሩት ከጓዳ ብቅ ብላ "ታዲያ ፍታላቸዋ! ምን ትፈራለህ?" አለችው። ይህ ጥያቄ ማርቆስን ከምንም በላይ አናደደው። እምቢ ቢል የሚፈራው ነገር ያለ ይመስላል። ስለዚህ እሺ አለ።

ጎራዴውን የሚፈታው ሰው ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ መጥቶ ከጋሽ ዳዊት ጋር ማርቆስ ቤት ገባ። ፋሲል ይባላል፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። አሮጌ የጦር መሣሪያ ለሚሰበስቡ ሰዎች የጎደለውን ያሟላል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ ምንነቱ ያልታወቀውን ለይቶ ይናገራል። ማን አገኘው ቢባል፣ አብዱልፈታህ፤ ቴሌግራም ላይ። ማርቆስ ይህን ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ።

ፋሲል ነጭ ጓንት አጠለቀና ጎራዴውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወዲያው አልመዘዘውም። መጀመሪያ አፎቱን አየ፣ የብር ቀለሙን በጥፍሩ ትንሽ ፋቀ፤ ከሥሩ እንደ ጭቃ አረንጓዴ ያለ ቀለም ወጣ። እጀታውና አፎቱ የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጎራዴው ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ያቺ ቁልፍ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለማርቆስ ጌጥ ትመስለው ነበር።

"በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ የመኮንን ጎራዴ ነው" አለ ፋሲል። "ጉንቶ ይሉታል፤ የጦር ሠራዊት ጎራዴ ማለት ነው። አበባዎቹን ያዩዋቸዋል? ይህ የሠራዊቱ ምልክት ነው። ከገመዱ ሥር ያለው ነጭ፣ ኮረት ኮረት የሚለው ደግሞ የባሕር ዓሣ ቆዳ ነው፤ እጅ እንዳያንሸራትት።"

"የጄኔራል ነው" አለ ማርቆስ።

ፋሲል ወደ እጀታው ጫፍ ዝቅ አለ። ወርቃማውን ዘርፍ እያየ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አየውና በትሕትና "ጋሽ ማርቆስ፣ ይህ የመጋረጃ ነው አይደል?" አለ።

ሂሩት ሳቋን ልታፍን ፊቷን አዞረች።

ፋሲል የመጋረጃውን ማሰሪያ ቀስ ብሎ ፈታው። እጀታው ጫፍ ላይ ባለችው የብረት ቀለበት ውስጥ፣ የጣት ግማሽ የምታህል የድሮ ገመድ ቁራጭ ተቋጥራ ቀርታለች። በመቆንጠጫ ገልበጥ አደረጋት። ላይዋ ቡናማ ነው፤ ውስጧ ሰማያዊ።

"ልዩነቱ ይህ ዘርፍ ነው" አለ። "ጎራዴው ለመኮንን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የጄኔራል ዘርፍ ወርቅ አለበት። የሻለቃና የኮሎኔል ቀይ ነው። ሰማያዊ የሚያስሩት ከመቶ አለቃ እስከ ሻምበል ያሉት ናቸው።" ከሻንጣው ቡናማና ሰማያዊ አዲስ ዘርፍ አውጥቶ፣ በቀለበቱ አሳልፎ፣ ማንም በማያውቀው አስተሳሰር አሰረው። "ይህኛው አስመስለው የሠሩት ነው፤ ቀለሙ ግን ትክክል ነው። እስከዚያው የሚገባውን ይልበስ።"

ጎራዴው አማረበት፤ ማርቆስም ይህን ማየቱ አልቀረም። ጄኔራሉን ግን በአንድ ጊዜ ወደ ሻምበል አወረዱበት።

"ደግሞም" አለ ፋሲል ሳይጠየቅ፣ "ኮሪያ ላይ ጃፓኖች አልተዋጉም። ኢትዮጵያውያኑ ለእረፍት ቶኪዮ ይሄዱ ነበር። ይህን የመሰለ ጎራዴ ያኔ እዚያ ይሸጥ ነበር፤ አብዛኛው ዘማች ያመጣው ገዝቶ ነው።"

ማርቆስ ፊቱ ሲግል ተሰማው። አባቱን "ውሸታም" ያላቸው ሰው የለም፤ ነገር ግን እዚያው ምሥክር ወረቀታቸው ሥር ተቀምጦ፣ አንድ የማያውቀው ወጣት ጄኔራሉን ከነማዕረጉ ሲያሰናብተው ሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ክፉ ሐሳብ መጣችበት። አባቴ ስለ ጄኔራሉ ከዋሸ፣ ስለ ሌላውስ?

እጀታውን የያዘችው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። ፋሲል ሊያወጣት ሞከረ፣ እምቢ አለች። "ብገፋት ትሰበራለች" አለ። ዘይት ጠብ አደረገባት። "ዛሬ ይህን ትጠጣ፤ ነገ ጎራዴውን ልውሰደውና በየሰዓቱ ዘይት እያጠጣሁ ላለስልሳት። ቅዳሜ ሁሉም ባለበት እንፈታዋለን። እስከዚያ ማንም አይንካት። በተለይ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ላይ ያለውን ዝገት! እሱን መንካት ጨርሶ አይቻልም። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስለቱን አይደለም፤ ያን ዝገት ነው። ምሥክሩ እሱ ነው።"

ማርቆስ በሕይወቱ ዝገት ይጠበቅ የሚል ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ዝገት ማስለቀቂያ በካርቶን የሚሸጥ ሰው ነው። ከዚህም በላይ የቆረቆረው ግን "ልውሰደው" የምትለዋ ቃል ነበረች። ውሰደው! ዕቃህን ለባለሙያ ትተህ ሂድ፣ ነገ ተመልሰህ ና፤ ይህን ዘፈን ጋራዥ ደጃፍ ስንቴ ሰምቶታል።

"ነገ አራት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ያረፍክበት አመጣልሃለሁ" አለ። ጋሽ ዳዊትም መልካም ነው አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ሱቁን ለልጁ ትቶ ባጃጅ ተሳፈረና ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረደ። ዓሣ አምሮት አልነበረም። ፋሲል ከአብዱልፈታህ ጋር ሆኖ ወደዚያው ሲያልፍ በሱቁ በር ስላየው ነው። ባለባጃጁን ራቅ አድርጎ አስቆመውና፣ ዓሣ ሲበለት የሚጠብቁት አባ ኮዳ አሞራዎች መካከል፣ እንደነሱው አንገቱን ቀብሮ ቆመ።

ሁለቱ ሰዎች ጥብስ ዓሣ አዘው ይስቃሉ። ፋሲል እያወራ ድንገት ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ይህን ያህላል እንደሚል ሰው። ማርቆስ በዓይኑ ለካው። አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ልክ የጎራዴው ርዝመት! አብዱልፈታህ ራሱን ነቀነቀ፣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አሳየው፣ እንደገና ተሳሳቁ። እርግጥ ነው፣ አሞራ ገደል ላይ እጁን ዘርግቶ ርዝመት የማያሳይ ሰው አይገኝም፤ እዚያ የሚወራው ሁሉ ይህን ስለሚያህል ዓሣ ነው። ማርቆስ ይህን ልጁ ቢነግረው ይገባው ነበር። ለራሱ ግን አልነገረም። በሱ ዓይን የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አስመስለው የሠሩት ዘርፍ ሻንጣው ውስጥ ያለው ሰው፣ አስመስለው የሠሩት ጎራዴስ ለምን አይኖረውም? ዓርብ ይወስዳል፣ ቅዳሜ ሌላ ያመጣል፤ ውስጡም ዘይነብ የሚፈልጉት ጽሑፍ ተጽፎበት!

"ስንት ሰዓት ልጠብቅ?" አለ ባለባጃጁ።

"እንሂድ" አለ ማርቆስ። "የማየውን አይቻለሁ።"

ዓርብ ማለዳ፣ ጎረቤቶቹ ሱቅ ሳይከፍቱ፣ ማርቆስ ጎራዴውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ገባና መዝጊያውን ከውስጥ አወረደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እጀታውን አውልቆ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ምልክቱን ጽፎ፣ መልሶ መግጠም። ቅዳሜ ሲፈታ "ማ.ግ" ካለ ጎራዴው የሱ ነው፤ ከሌለ ሌቦቹ ተያዙ። በዚህ ውስጥ ምን ክፋት አለ? ለራዲያተር ያደረገውን ላባቱ ጎራዴ ማድረግ ነው።

ችንካሯ ዘይቱን ጠጥታ ለስልሳለች። ፑንቶ በሚሏት ቀጭን የብረት መውጊያ አንድ ሁለቴ ቢመታት ወጣች፣ እጀታውም እንደ ካልሲ ወለቀ። ጭራው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ዝገት እንደ ቅርፊት ሸፍኖታል። በዝገት ላይ ማሽኑ አይጽፍም። ስለዚህ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መንከሻ፣ ሞርሳው ላይ አሰረና ጫፉን፣ አንድ ብር ሳንቲም የምታህለውን ቦታ ብቻ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠራረገ። ማሽኑን ሰካ። "ማ.ግ" ብሎ ጻፈ። አቧራውን እፍ አለ።

ያኔ ነው ያየው። ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብሩሹ ነክቶት ዝገቱ በሳሳበት ቦታ፣ ቀጫጭን ጭረቶች ተሰልፈዋል። የባትሪ መብራቱን አስጠጋ። ጭረት አይደለም፤ ፊደል ነው። ሙ። ህ። ዲ። ን።

ማርቆስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ እውነት ተናግራለች። የሙህዲን ስም ካለበት የሙህዲን ነው፤ የሙህዲን ከሆነ አባቱ ምን እያደረጉ ሃምሳ ዓመት ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት? ለዚህ ነው እንዴ እጀታውን ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱት የነበረው? ለዚህ ነው ጄኔራሉን የፈጠሩት? ነገ ጋሽ ዳዊት ባሉበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሚሰሙበት፣ የአባቱ ስም አደራ በላ ሊሆን ነው። የሞተ ሰው አፍ የለውም፤ ደግሞ ይቅርታ አይጠይቅም፣ አይክስም፣ ስሙ እንደ ወደቀ ይቀራል።

ከስሙ በላይ ገና ዝገት ያልለቀቀው ሌላ ጭረት ነበር። ማርቆስ አየው። ምን እንደሚል ለማየት ግን አልፈለገም። ብሩሹን አነሳና በሙሉ ኃይሉ ይፈገፍግ ጀመር። ዝገት ማስለቀቂያ ረጨበት፣ ብርጭቆ ወረቀት አነሳ፣ ከጫፍ እስከ ላይ፣ ግንባሩ ላብ እስኪያንጠባጥብ። ሲጨርስ ጭራው እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራ ነበር፤ ከ"ማ.ግ" በቀር አንድ ነገር የለበትም። እጀታውን መልሶ ገጠመ፣ ችንካሯን አስገባ። አራት ሰዓት ላይ ጎራዴውን ለፋሲል አስረከበ። ቀለልም ብሎት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳዊት ቤት ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ዘይነብ ቀድመው መጥተው ኖሮ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው፣ አዲስ ሻሽ አስረዋል። ማርቆስ ሲገባ ብድግ አሉ። አዛውንት ለሱ ሲነሱ ማየቱ አልተመቸውም፤ ይህም አንድ ዘዴ ነው ብሎ አሰበ። አብዱልፈታህ ከእናቱ ኋላ ቆሟል፣ ሂሩት ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ፋሲል ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ችንካሯን በትንሿ መዶሻ ገፋ። ገና ስትወጣ ፊቱ ተለወጠ።

"ተነክታለች" አለ።

እጀታውን ሳበ። የሚያበራው ብረት ወጣ። ፋሲል ጎራዴውን ይዞ እንደ ታመመ ሰው አንገቱን ደፋ።

"እኔ ነኝ" አለ ማርቆስ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቀው። ንግግሩን በመንገድ ላይ ተለማምዶት ነበር። "ዕቃዬን ለማላውቀው ሰው ስሰጥ ምልክት አደርጋለሁ፤ ጋሽ ዳዊትም ያውቃሉ፣ የመኪናቸው ዲናሞ ላይ አለ። ለጥንቃቄ ነው። ብረቱንም ጠረግሁት። ያባቴ ብረት ነው፣ ጠረግሁት።"

"ዝገቱን አትንኩ ብዬ ነበር እኮ ጋሽ ማርቆስ" አለ ፋሲል ቀስ ብሎ። "የሠሪው ስም ቢኖርበት እንኳ አሁን የለም። ምንም የለም።"

ወይዘሮ ዘይነብ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ብረቱን ከላይ እስከ ታች፣ አገላብጠው ደግሞ በወዲያኛው ገጽ አዩት። ከዚያ ማርቆስን ቀና ብለው አዩት፤ በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ግን ቁጣውን እየጠበቀ ነበር።

"ሳትጠርገው በፊት ጽሑፍ አላየህም?"

"ዝገት ነው ያየሁት።"

"ምንም?"

"ዝገት ብቻ።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ጋሽ ዳዊት ዞሩ። "እንግዲህ ይንገሩት። አሁን ምን ይደበቃል።"

ጋሽ ዳዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይዘሮ ዘይነብ ከሦስት ሳምንት በፊት የነገሩኝ እንዲህ ነው። 'ማስታወሻነቱ ለወንድሜ ለግዛቸው ይሁን። ሙህዲን።' ይህ ነው የተጻፈው። በምስማር ጭሮ።"

ማርቆስ ቃሉን ሰማው፤ ትርጉሙ ግን ቶሎ አልደረሰውም። ለወንድሜ ለግዛቸው። ከላይ ነው ማለት ነው። ከስሙ በላይ፣ ሳያነበው በፈገፈገው ቦታ።

"አባቴ ኮሪያ ላይ እግሩን ተመትቶ ነበር" አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። "ሬሳ ነው ብለው ሁሉም ጥለውት ሲወርዱ አባትህ በጀርባው ተሸክሞ ከተራራው አወረደው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቶኪዮ ላይ በደመወዙ ጎራዴውን ገዝቶ ሰጠው። እናቴ እስክትሞት ስታወራው የኖረችው ይህን ነው። ግዛቸው ባይኖር አንቺ አትወለጂም ነበር ትለኝ ነበር። አልነገረህም አባትህ?"

"አልነገረኝም" አለ ማርቆስ። ሰው በጀርባቸው ተሸክመው ያዳኑት አባቱ ይህን ውጠው፣ ያልነበረ ጄኔራል ሲማርኩ ኖረዋል። ይህን የሚመሰክርላቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር፤ እሱንም ልጃቸው በብርጭቆ ወረቀት አጠፋው።

"ጎራዴውን ልውሰድ አላልኩም" አሉ ሴትዮዋ። "ጎራዴ ምን ያደርግልኛል? አባቴ መኪና ተገልብጦ ሲሞት የስምንት ወር ልጅ ነበርኩ። ፎቶግራፉም ወረቀቱም ከቤታችን ጋር ተቃጠለ። የእጁ ጽሑፍ እዚህ ብቻ ነው የቀረው ሲሉኝ ኖሬ ነው የመጣሁት። በዓይኔ አይቼው፣ በጣቴ ዳስሼው ልሄድ ነበር። ቃሉን አስቀድሜ ብናገር ከራሷ ፈጠረች ትሉኛላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሂሩት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አብዱልፈታህ እናቱን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ፣ እሳቸው ግን አልወደቁም።

አንድም ሰው አልከሰሰውም። ዝም ቢል፣ ዝገት ነበር ብሎ ቢጸና፣ ከዚያ ቤት እንደ ተሳሳተ ሰው ይወጣ ነበር፤ ስህተት ደግሞ ይቅር ይባላል። ማርቆስ ይህን አወቀ። አፉ ግን ተከፈተ።

"አይቻለሁ" አለ።

ጋሽ ዳዊት ከወንበራቸው ቀና አሉ።

"ሙህዲን የሚለውን አይቻለሁ። እሱ ብቻ ነው የወጣው፤ የላዩን አላነበብኩም። አባቴን አደራ በላ የሚያሰኝ መሰለኝና... ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት እማማ። እያየሁ።"

ፋሲል ጎራዴውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ማርቆስ እንዲሰድቡት፣ እንዲረግሙት ተመኘ።

"አየኸው?" አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። ወደሱ አንድ እርምጃ ቀረቡ። "የአባቴን ፊደል አየኸው? ምን ይመስላል?"

ማርቆስ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም።

"ጻፍልኝ። ያየኸውን አስመስለህ ጻፍልኝ።"

ፋሲል ከደብተሩ ወረቀት ቀዶ ከእርሳስ ጋር ሰጠው። ማርቆስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የጻፈው በራሱ እጅ ነው፣ ደረሰኝ ላይ እንደሚጽፈው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያንተን አይደለም። የሱን።"

ዓይኑን ጨፈነ። ያን ማለዳ ፊደሎቹን ያያቸው እንደ ጠላት ፊት ነው፤ ከአሁን አሁን ላጥፋቸው እያለ። ሙ ከሌሎቹ ገዘፍ ብላ የነበረች መሰለው። ህ ወደ ጎን ዘመም ያለች ይመስለዋል። ን መጨረሻ ላይ ምስማሩ አምልጦት ረዝማ ነበር፤ ወይስ ያ የሱ ብሩሽ የጫረው ነው? አላወቀም። አንዷን ፊደል ከአንዷ ቀጥሎ፣ እንደ ተማሪ ቀስ ብሎ ጻፈ።

ወይዘሮ ዘይነብ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዙት።

"እንዲህ ነበር?"

"እንዲህ ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ማርቆስ ቀና ብሎ አያቸው። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ይዞለት የመጣ ሰው ቢኖር፣ ማስረጃህን አሳየኝ ብሎ ከሱቁ ያስወጣው ነበር።

"እርግጠኛ ነኝ" አለ።

ሴትዮዋ ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ አስኬዱ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አመኑት።